መካከሉ ያጠረ መንገድ

በሁለት ከተሞች መካከል ያለ የአየር ርቀት ማለት በምድር ገጽ ላይ ከአንዱ ነጥብ እስከ ሌላው የሚዘረጋው አጭሩ መስመር ሲሆን፣ የበረራ ጊዜ ማለት ደግሞ አውሮፕላን ከአንዱ ማኮብኮቢያ ተነሥቶ በሌላው ላይ እስኪያርፍ ድረስ የሚያልፈው ሰዓት ነው። ሁለቱም ንጹሓን ቁጥሮች ናቸው፤ አቧራ አይነካቸውም፣ ጎማ አይፈነዳባቸውም፣ ሻንጣም አይጠፋባቸውም። በዚህ ስሌት ከአዲስ አበባ ቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ርቀት ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል የሚበር አውሮፕላን መንገዱን ሳያቋርጥ ቢሄድ 13 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል ማለት ነው። መልሱ በማካፈል የተገኘ ስለሆነ ተከራካሪ የለውም። ክርክር የሚነሣው ተጓዡ በሰሜን ሸዋ የመንዝ፣ የግሼ ወይም የመርሐቤቴ ሰው የሆነ እንደሆነ ነው፤ ይህ ሰው ከማኮብኮቢያ አልተወለደምና ከደጁ እስከ ቦሌ ያለውን መንገድ ማን እንደሚቆጥርለት መጠየቁ አይቀርም።

በደጋው ሀገር ርቀት ሲለካ የኖረው በመስመር ሳይሆን በጀንበር ነው። ማልዶ የተነሣ ሰው ቀትር ላይ የሚደርስበት ቦታ የግማሽ ቀን መንገድ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ የሚደርስበት ደግሞ የአንድ ቀን መንገድ ይባላል። መለኪያው እግርን፣ ዳገትን፣ ጭነትንና የወንዝ ሙላትን አንድ ላይ ደምሮ የያዘ ስለሆነ፣ ኪሎ ሜትር የማይናገረውን ብዙ ነገር ይናገራል። እንግዳ የሆነ መንገደኛ በመንገድ ዳር ያገኛቸውን ሽማግሌ «አባባ፣ ሩቅ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስም ቢሆን እንደዋዛ የሚታይ ሳይሆን፣ ሦስት ደረጃዎች ያሉት የራሱ ሥርዓት ነው። «እዚችው ናት ልጄ፣ ይቺን ተረተር ስታልፍ» የሚለው መልስ ከግማሽ ቀን ያላነሰ መንገድን ያመለክታል። «ትንሽ ራቅ ትላለች» ማለት ተጓዡ ማደሪያውን ከወዲሁ እንዲያስብ የተሰጠ ማሳሰቢያ ነው። «ሩቅ ነው» የሚለው ሦስተኛው ደረጃ ከመንደሩ ሰው ማንም ሄዶበት ለማያውቅ ቦታ የተጠበቀ ስለሆነ በተግባር እምብዛም አይሰማም።

ሽማግሌው እንዲህ የሚሉት ለማታለል አይደለም። በአንድ በኩል የሚለኩት በገዛ እግራቸው ነው፤ ያ እግር ደግሞ ዳገት ሲወጣ የኖረ ስለሆነ የከተሜውን እግር ሁኔታ ከግምት አያስገባም። በሌላ በኩል መንገደኛን ገና ሳይሄድ ማድከም ነውር ነው። ከሁሉም በላይ ግን «ሩቅ ነው» ብሎ የተናገረ ሰው እንግዳውን የማሳደር ግዴታ በገዛ አፉ ይጠራል፤ ባይናገርም ማሳደሩ አይቀርለትም፣ ነገር ግን እንግዳው ሳይጋበዝ በገዛ ፈቃዱ ቢመሽበት ለሁሉም ክብር ይሻላል።

የዚህ ሁሉ ሥር መልክዓ ምድሩ ነው። የመንዝ ምድር በደቡብ በሞፈር ወንዝ፣ በምዕራብ በአዳባይና በወንጪት ሸለቆዎች የተከበበ ሲሆን፣ መርሐቤቴም በበኩሉ በጀማና በወንጪት ገደሎች መካከል ተቀምጧል። በእንዲህ ያለ ሀገር ማዶና ወዲህ ያሉ ሰዎች የአንዱ ጭስ ለሌላው እየታየው፣ የአንዱ ውሻ ሲጮኽ ለሌላው እየተሰማው ይኖራሉ፤ ለመገናኘት ግን አንዱ ቆላ ድረስ ወርዶ ተመልሶ ደጋ መውጣት አለበት። ከለሚ ደጋ እስከ ጀማ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ብቻ ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሚወርድ፣ ጋቢ ለብሶ የተነሣ ሰው ከወንዙ ሲደርስ ጋቢውን ጭኖ፣ ማዶ ካለችው ከመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ሲደርስ መልሶ ለብሶ ይገኛል። እዚህ ሀገር ዓይን የሚያየው ርቀትና እግር የሚያውቀው ርቀት ተስማምተው አያውቁም።

ልዩነቱን በቁጥር ማሳየት ይቻላል። የመርሐቤቴ መዲና ዓለም ከተማ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 115 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ፣ በሙከጡሪና በለሚ በኩል የሚሄደው የመኪና መንገድ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው የመንዝ ጌራዋ መሐል ሜዳ በቀጥታ መስመር 170 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆንም፣ መኪናው በደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማ በር ላይ ከአውራ ጎዳናው ተገንጥሎ ስለሚሄድ ወደ 280 ኪሎ ሜትር ይነዳል። በሁለቱም ላይ የመኪናውን መንገድ ለቀጥታው መስመር ብናካፍል ውጤቱ 1.6 አካባቢ ይሆናል፤ ይህን ቁጥር የጠመዝማዛ መጠን ብንለው፣ የአካባቢው ሰው ለእያንዳንዱ የአሞራ ኪሎ ሜትር ስድስት መቶ ሜትር ያህል ግብር ለገደል ይከፍላል ማለት ነው። ከመሐል ሜዳ እስከ ዓለም ከተማ በቀጥታ ሲታይ ቢበዛ ከ70 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ አዲስ አበባ ደርሶ የሚዞር ሰው ግን 460 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ዘመድ ጥየቃ የወጣ መንዜ ዋና ከተማውን ሳያስበው ሁለት ጊዜ ይጎበኛል።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስቀና ነገር አለ። ከቦሌ ወደ መቀሌ ቀጥታ መስመር ቢሰመር ዓለም ከተማን ታክኮ፣ ወደ ላሊበላ ቢሰመርም በዚያው በመርሐቤቴ አካባቢ ያልፋል። መንዝም ሆነ መርሐቤቴ መደበኛ የመንገደኛ በረራ ስለሌላቸው፣ ሰዎቹ አውሮፕላንን በሚገባ የሚያውቁት ከሥሩ ነው። ከላይ በመስኮት በኩል ያለው መንገደኛ የጀማን ሸለቆ ፎቶ አንሥቶ ሳይጨርስ ሸለቆው ያልፍበታል፤ ከታች ያለው አህያውን ነድቶ ቁልቁለቱን ሳይጨርስ ግን አውሮፕላኑ ሄዶ፣ አራግፎና ጭኖ በላዩ ላይ ተመልሶ ያልፋል።

ይሁን እንጂ አውሮፕላንም የራሱ ዳገትና ገደል አለው። ምድር ድቡልቡል በመሆኗ በሁለት ሩቅ ከተሞች መካከል ያለው አጭሩ መንገድ በግድግዳ ካርታ ላይ ቀጥ ብሎ የሚሰመረው መስመር ሳይሆን ታላቅ ክበብ የሚባለው፣ ማለትም ምድርን እኩል ለሁለት የሚከፍል ክበብ አካል የሆነው ቅስት ነው። ሁለት ነጥብ በተቀባ ቅል ላይ ክር ወጥሮ የያዘ ሰው ክሩ ራሱ ይህን መንገድ ሲመርጥ ያየዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ሰው አውሮፕላኑ በአየርላንድ በኩል የዞረበት እንደሆነ ግራ ቢያጋባውም፣ በዋና ከተማዋ በደብሊን ማረፍ በጠቅላላው ጉዞ ላይ የሚጨምረው ከ300 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው፤ በካርታ ላይ ጠማማ የሚመስለው መንገድ በቅሉ ላይ ቀጥ ያለ ሆኖ ይገኛል።

ማረፉ ያስፈለገበት ምክንያት ደግሞ ለደገኛ ሰው በቀላሉ የሚገባ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ የክንፍም የሞተርም ጉልበት ይቀንሳልና፣ አውሮፕላኑ ሙሉ መንገደኛና ሙሉ ነዳጅ ተሸክሞ መነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ ነዳጁን ቀንሶ ይነሣና በመንገዱ ላይ ያርፋል፤ በተለያዩ ዘመናት የኢትዮጵያ አየር መንገድ የዋሽንግተን በረራዎች በሮም፣ በደብሊንና በሎሜ አርፈዋል። በመልሱ ግን ደለስ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ የማይሞላ ቆላ ስለሆነና ከፍ ብሎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከኋላ ስለሚያግዝ፣ አውሮፕላኑ በአንድ ትንፋሽ አዲስ አበባ ይገባል። አየር መንገዱ በግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. አዲስ ቦይንግ 767 አውሮፕላኑን ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ድረስ ያለማቋረጥ በማምጣት በባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖች ዘንድ የርቀት ክብረ ወሰን የያዘው በዚሁ አቅጣጫ ነው። ወደ ሀገር ቤት ሲመጡ መንገዱ እንደሚቀል መንዜው ያለ ሞተር ያውቀው ነበር። ሰማዩም ቢሆን ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲቀሰቀስ የዚያች ሀገር ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላኖች ተዘግቶ፣ በላይዋ የሚያልፉ የነበሩ በረራዎች መዞር ግድ ሆኖባቸዋል። የተዘጋ ሰማይ ማለት ድልድይ የሌለው ጀማ ነው።

ከርቀቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። የቲኬት ሰዓት የሚጻፈው ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 በሚቆጥረው የፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ፣ «22:30» የሚል ቲኬት በቤተሰብ ሸንጎ ፊት ሲቀርብ ቀላል ጉዳይ አይሆንም። አንዱ ስድስት ይቀንሳል፤ 16:30 የሚባል ሰዓት ይገኝና ሁሉም ዝም ይላል። ሌላው ከዚያ ላይ አሥራ ሁለት ይቀንስና ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል መሆኑን ያበሥራል። ሦስተኛው በስሌቱ ሳያምን «ለማንኛውም በጊዜ እንሂድ» ስለሚል፣ ሸኚዎች ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ቦሌ ደጃፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ተጓዡ በኢትዮጵያ ዓመት ተሳፍሮ በአውሮፓውያን ዓመት ይወርዳል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ከሆነ 7፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 8 ዓመት በአንድ ሌሊት ወደ ፊት ይሄዳል፤ የሰዓቱን ቁጥር ግን 7 ወይም 8 ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳል። ለአንድ ሰዓት አንድ ዓመት መከፈሉ ውድ ቢመስልም ታሪፉ የተወሰነ ነው።

በዚህም ምክንያት ከነማረፊያው 17 ሰዓት ያህል የሚፈጀው የመሄጃ ጉዞ የሁለቱን ከተሞች ሰዓት ብቻ ላመሳከረ ሰው 9 ወይም 10 ሰዓት ሲመስል፣ 13 ሰዓት ገደማ የሆነው የመመለሻው ጉዞ 20 ወይም 21 ሰዓት ይመስላል። ከሁሉም የሚደንቀው ግን ሁለቱ ልዩነቶች፣ ማለትም የቦታውና የአቆጣጠሩ፣ እርስ በርሳቸው ሊጠፋፉ ጥቂት ብቻ መቅረቱ ነው። በመሐል ሜዳ ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን በዋሽንግተን በበጋቸው የንጋቱ 5፣ በክረምታቸው የንጋቱ 4 ይላል። የመንዝ እናት ከግድግዳ ሰዓታቸው ላይ የሚያነቡት ቁጥርና ልጃቸው በዋሽንግተን ዳርቻ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኖ የሚያነበው ቁጥር የሚለያዩት በአንድ ወይም በሁለት ብቻ ነው። «ስንት ሰዓት ሆነ እዚያ?» ተባብለው በቁጥሩ ተቀራርበው ሲያበቁ፣ እሳቸው ለምን ምሳውን እንዳልበላ፣ እሱ ለምን ገና ሳይነጋ እንደቀሰቀሱት በየበኩላቸው ሲገረሙ ይኖራሉ።

ወደ ጉዞው ዳርና ዳር፣ ማለትም በደጃፍና በማኮብኮቢያ መካከል ወዳለው መንገድ፣ እንመለስ። አውሮፕላን ሰዓቱ ሲሞላ፣ መኪና ሰው ሲሞላ ይነሣል፤ ልዩነታቸው የፍጥነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ነው። በመናኸሪያ፣ ማለትም መኪኖች ተሰልፈው ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ግቢ፣ ሕጉን የሚያስፈጽመው ረዳቱ ነው፤ ረዳት ማለት በር ይዞ የሚጣራ፣ ሂሳብ የሚሰበስብና ጭነት የሚያወጣ የሾፌር ምክትል ነው። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ነው የቀረው!» ብሎ ሲጣራ ቃሉ እንደ ቁጥር መወሰድ የለበትም። ይህ አንድ ሰው በተሳፈረ ቁጥር ሌላ አንድ ሰው ስለሚተካው፣ መኪናው የሚነቃነቀው የመጨረሻው አንድ ሰው ከነበጉ ወይም ከነማዳበሪያ ከረጢቱ ከተገኘ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን ለቁርስ መቆም፣ ለጎማ መቆም፣ በደጋው ላይ ጭጋግ ሲወርድ መቆም፣ ለሥላሴ ወይም ለመድኃኔ ዓለም ስለት የተሳለች እናት እስክትወርድ መቆም አለ።

እንዲያም ሆኖ መኪናው በአማካይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ 7 ሰዓት ይፈጃል። ለበረራው አስቀድሞ ቦሌ ለመገኘት 3 ሰዓት፣ ለበረራው ከነማረፊያው 17 ሰዓት፣ ለፓስፖርት ፍተሻና ለሻንጣ ፍለጋ 2 ሰዓት ቢታሰብ ድምሩ 29 ይሆናል። ከመሐል ሜዳ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከጠቅላላው ርቀት ከመቶ ሁለት ተኩል እንኳ አይሞላም፤ ከጊዜው ግን ሩቡን ይወስዳል። መኪናው እስኪሞላ የተጠበቀበት ሰዓትና አዲስ አበባ ዘመድ ቤት የታደረበት ሌሊት በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም፤ ዘመድ ቤት ከገቡ ደግሞ አንድ ሌሊት ብቻ አድሮ መውጣት ቅያሜ ነው።

ጭነቱም የራሱ ሂሳብ አለው። ወደ አሜሪካ ለሚሄድ መንገደኛ በብዛት የሚፈቀደው እያንዳንዳቸው ከ23 ኪሎ ያልበለጡ ሁለት ሻንጣዎች ሲሆን፣ ዘመድ አዝማድ የሚያመጣው በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮና በርበሬ በኪሎ ሳይሆን በፍቅር ስለሚለካ ሻንጣው ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ልክ ነው። ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራው ባና የተባለው ከባድ የብርድ ልብስ ከተጨመረ ግን ሚዛኑ ቦሌ ላይ እውነቱን ይናገራል። አክስት «ይቺ ምን አላት!» ያሉባት እያንዳንዷ ቋጠሮ ተደምራ ትርፍ ኪሎ ትሆናለች፤ ትርፍ ኪሎ ማለት ከተፈቀደው በላይ ለሆነ ጭነት የሚከፈል ዋጋ ሲሆን፣ አንዳንዴ በሶው ከተፈጨበት ገብስ ዋጋ እጅግ ይበልጣል።

ነገሩ የዛሬ ብቻ አይደለም። በ1833 ዓ.ም. ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከቦምባይ ተነሥቶ የሕንድን ውቅያኖስ አቋርጦ ታጁራ ወደብ የደረሰው በጥቂት ሳምንታት ነው። ከታጁራ ሸዋ ደጋ ለመድረስ ግን፣ ርቀቱ የባሕሩን ሩብ ያህል እንኳ ሳይሆን፣ ግመል በመሰብሰብ፣ ከባለሀገር ጋር በመደራደርና በረሓውን በማቋረጥ ከአንድ ወር በላይ ፈጅቶበታል። መርከቡ በእንፋሎት፣ አውሮፕላኑ በጄት ሞተር ይሂድ እንጂ ሁለቱም የሚያሳጥሩት መካከሉን ነው። ከመቶ ሰማንያ ዓመታት በላይ ሲሻሻል የኖረው መካከሉ ነው፤ ዳሩ በየዘመኑ ግመሉን በሌላ ነገር ይተካል እንጂ ድርድሩ ያው ነው።

የወዲያኛው ዳር ደግሞ በቪዛ ይጀምራል። ዲቪ በመባል የሚታወቀው የአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ዕጣ ለዓመታት በየመከር ወራት ምዝገባ ሲካሄድበት፣ ውጤቱ በግንቦት ገደማ ሲወጣበት፣ ቃለ መጠይቁ ደግሞ ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ሲደረግበት የኖረ በመሆኑ፣ ዕጣው በመጀመሪያው ሙከራ ለወጣለት ሰው እንኳ ከምዝገባው እስከ መሳፈሪያው ከአንድ ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ይቆጠር ነበር። እንግዲህ 11,560 ኪሎ ሜትር ለሁለት ዓመት ቢካፈል በቀን 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ይህ ጭነት የያዘ አህያ ያለ ችግር የሚሄደው መንገድ ነው፤ አህያዋ ባሕር መሻገር ብትችል ኖሮ ከአውሮፕላኑ እኩል በደረሰች ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ደንብ አጭር ነው። የጉዞ ጊዜ መጠየቅ ያለበት ከከተማ እስከ ከተማ ሳይሆን ከደጃፍ እስከ ደጃፍ ነው፤ የአውሮፕላን ፍጥነት በእጥፍ ቢጨምር እንኳ የግሼ ራቤሉ ሰው የሚያተርፈው ጥቂት ሰዓት ሲሆን፣ አንድ ጥሩ መንገድና በሰዓቱ የሚነሣ አንድ አውቶቡስ ግን ለበረራ ላልታደለው ጎረቤቱም ጭምር ያንኑ ያህል ይቆጥቡለታል። ይህን ሳይጻፍለት የሚያውቀው የመንዝ ቤተሰብ ነው። ልጁ ከዋሽንግተን መጥቶ ቦሌ ማረፉ ሲሰማ «እግዜር ይመስገን» ይባልና ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ጠላው የሚቀዳው፣ በጉም ከበረቱ የሚወጣው «ጣርማ በርን አልፈናል» የሚል ስልክ ከተደወለ በኋላ ነው። ስልኩ በተባለው ሰዓት ተደውሎ አያውቅም፤ በዚህ ሁሉ መዘግየት የተጠቀመ ቢኖር በጉ ብቻ ነው።